ሦስት ቦርድ በአንድ ክሎክ፦ የክሎክ ጀነሬተርና የበፈር ቺፕ አገጣጠም ደረጃ በደረጃ

የወፍጮ ቤት ሞተር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥፋቱ ከሞተሩ ኩሽኔታ ነው፣ ከወፍጮው ዘንግ ነው ወይስ ከቺንጊያው? በአንድ ሴንሰር ይህን መለየት ያስቸግራል። ሦስት ቦታ ላይ ሴንሰር ተለጥፎ ንዝረቱ እኩል ሲመዘገብ ግን የትኛው እንደቀደመ፣ የትኛው እንደተከተለ ይታያል። አዳማ ላይ ወፍጮ ቤቱም፣ ብረታ ብረት ቤቱም አለ፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣትም አለ። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን መለኪያ በገዛ እጁ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። እዚህ የምንሠራው ግን ሴንሰሩን አይደለም፤ ሦስቱን ቦርዶች በአንድ ምት የሚያስኬደውን የክሎክ ክፍል ነው። መለኪያው የሚታመነውም የማይታመነውም በዚህ ክፍል ስለሆነ ጊዜ ሰጥታችሁ ሥሩት።

በመጀመሪያ ሦስት ቦርድ በእርግጥ እንደሚያስፈልጋችሁ አረጋግጡ። በብዙ ተማሪ እጅ ያለው ብሉ ፒል የሚባለው ቦርድ የተሸከመው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ማይክሮኮንትሮለር 10 የአናሎግ መግቢያዎች አሉት። የምትለኩት ሦስት አራት ሲግናል ብቻ ከሆነ አንድ ቦርድ ይበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያስፈልጋችሁም። እኛ የያዝነው ምሳሌ ግን ሦስት ሴንሰር እያንዳንዱ በሦስት አቅጣጫ፣ በተጨማሪም የሦስቱ ፌዝ ከረንት ነው፤ 12 ሲግናል ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦርድ አራት አራት እናካፍላለን።

ክሪስታሎቹ ለምን አይበቁም

እያንዳንዱ ቦርድ የራሱ ባለ 8 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አለው፤ ክሪስታል ማለት የቦርዱን ምት የሚሰጠው ትንሽ ክፍል ነው። የአንዱ ክሪስታል ስህተት ከሚሊዮን 25 ወደ ላይ፣ የሌላው ከሚሊዮን 25 ወደ ታች ቢሆን በመካከላቸው ከሚሊዮን 50 ልዩነት ተፈጠረ። ትንሽ ይመስላል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ግን 600 ሰከንድ ሲባዛ በ50 ሲካፈል ለሚሊዮን፣ 0.03 ሰከንድ ይሆናል። ባለ አራት ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ ከ1500 ዙር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይዞራል፤ አንድ ዙር 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሚሊሰከንድ ማለት ዘንጉ የዙሩን ሦስት አራተኛ ዞሯል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቆሞ «ይህ ኩሽኔታ ቀደመ፣ ያኛው ተከተለ» ማለት አይቻልም። በሰዓቱ መጨረሻ ልዩነቱ 0.18 ሰከንድ ይደርሳል፤ በሰከንድ 1000 ጊዜ ለሚመዘግብ ቦርድ 180 ናሙና መዛነፍ ነው።

መፍትሔው የተሻለ ክሪስታል መግዛት አይደለም። ሁለት ክሪስታሎች ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ ለየብቻ እስከሄዱ ድረስ ይራራቃሉ። አንድ ምንጭ ይዞ ለሦስቱም ማካፈል ነው መፍትሔው። ያ አንድ ምንጭ ከትክክለኛው ቢዛነፍ እንኳ ሦስቱም አብረው ይዛነፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቅደም ተከተል አይበላሽም።

ደረጃ 1፦ የክሎኩን ዛፍ በወረቀት ሣሉ

ቺፕ ከመግዛታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። ከግራ ክሪስታሉ፣ ቀጥሎ ጀነሬተሩ፣ ቀጥሎ በፈሩ፣ ከበፈሩ ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ቦርድ የሚሄድ አንድ አንድ መስመር። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ፍሪኩዌንሲው፣ ቮልቴጁ፣ የሽቦው ርዝመት። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ያልተጻፉበት መስመር ካለ ሥራው አልተጀመረም።

የሁለቱን ቺፖች ሥራ አትቀላቅሉ። ጀነሬተሩ ከአንድ ክሪስታል ተነሥቶ የምትፈልጉትን ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል፤ ውስጡ ፒኤልኤል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ የሚያባዛ ክፍል፣ አለ። በፈሩ አዲስ ፍሪኩዌንሲ አይፈጥርም፤ የገባለትን አንድ ምት ተቀብሎ ብዙ አድርጎ ያወጣል፣ እያንዳንዱንም መውጫ ለየብቻው ጉልበት ይሰጠዋል።

ለጀነሬተር ኤስአይ5351ኤ የሚባለውን እመርጣለሁ። በትንሽ ሞጁል ላይ ከባለ 25 ሜጋኸርዝ ክሪስታሉ ጋር ተሠርቶ ይሸጣል፣ ሦስት መውጫ አለው፣ በአይቱሲ ሁለት ሽቦ ይታዘዛል። ለበፈር ሲዲሲኤልቪሲ1104 አንድ ገቢውን አራት ያደርጋል፤ በ3.3 ቮልት እስከ 250 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፣ በመውጫዎቹ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነትም ከ50 ፒኮሰከንድ በታች ነው። እሱ ካልተገኘ 74ኤልቪሲ125ን የመሰለ ተራ የሎጂክ በፈር ለዚህ ሥራ ያገለግላል፤ በመውጫዎቹ መካከል እስከ 1 ናኖሰከንድ ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ ለንዝረት መለኪያ ግን ይህ ከቁጥር አይገባም። ዜሮ ዲሌይ የሚባሉትን በፈሮች ለዚህ ሥራ አትግዙ። በውስጣቸው ሌላ ፒኤልኤል አለ፤ የሚጠቅሙት የገቢውና የወጪው ምት በአንድ ቅጽበት መድረስ ሲኖርበት ነው፣ እኛ ደግሞ ያን አንፈልግም።

ጀነሬተሩ ሦስት መውጫ ካለው በፈር ለምን ተጨመረ የሚል ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቦርዶቹ ሦስት ብቻ ሆነው የሚቀሩ ከሆነ ያለ በፈርም ይሠራል። እኔ የምጨምረው አንደኛ አራተኛው መውጫ ለኦሲሎስኮፕ ብቻ ስለሚተርፍልኝ፣ ሁለተኛ የጀነሬተሩ ሁለት መውጫዎች ለሌላ ፍሪኩዌንሲ ነፃ ስለሚሆኑ ነው። መውጫ ላይ ሽቦ ተነካክቶ ሾርት ቢፈጠርም ተጎጂው በፈሩ ይሆናል፤ እሱን መቀየር ጀነሬተሩን ከመቀየር ይቀላል።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ሥሩ

የኤስአይ5351ኤ ሥራ ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያ የክሪስታሉ ፍሪኩዌንሲ ተባዝቶ ከ600 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ያ ተካፍሎ የምትፈልጉት ይወጣል። የሚባዛውም የሚካፈለውም ሙሉ ቁጥር ሲሆን ምቱ ይበልጥ የተስተካከለ ይሆናል፤ አካፋዩ ደግሞ ሙሉና ተጋማሽ ቢሆን ይመረጣል።

ለእኛ 8 ሜጋኸርዝ ያስፈልገናል። 25 በ32 ሲባዛ 800 ሜጋኸርዝ፤ 800 ለ100 ሲካፈል 8። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ናቸው፣ 100ም ተጋማሽ ነው። ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ቺፑ ግን 32 እና 100 ብላችሁ ብትጽፉለት አይረዳም፤ ፒ1፣ ፒ2 እና ፒ3 የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች ይፈልጋል። ቁጥሩን ሀ ሲደመር ለ ሲካፈል ለሐ ብላችሁ ጻፉት። ፒ1 ማለት 128 ጊዜ ሀ፣ ሲደመር የ128 ጊዜ ለ ሲካፈል ለሐ ሙሉ ክፍል፣ ሲቀነስ 512 ነው። ፒ2 ማለት 128 ጊዜ ለ፣ ሲቀነስ ሐ ጊዜ ያ ሙሉ ክፍል። ፒ3 ራሱ ሐ ነው። ለማባዣው 32፦ ፒ1 3584፣ ፒ2 0፣ ፒ3 1። ለአካፋዩ 100፦ ፒ1 12288፣ ፒ2 0፣ ፒ3 1።

ክፍልፋይ የሚመጣበትንም አንድ ጊዜ እጃችሁን አፍታቱበት። ለድምፅ ሥራ የሚውል 12.288 ሜጋኸርዝ ፈለጋችሁ እንበል። አካፋዩን 60 ብታደርጉ ላይኛው 737.28 ሜጋኸርዝ መሆን አለበት፤ ለ25 ሲካፈል 29.4912 ይመጣል። 0.4912 ማለት 307 ሲካፈል ለ625 ነው፣ በልክ። ስለዚህ ሀ 29፣ ለ 307፣ ሐ 625። 128 ጊዜ 307 39296 ነው፤ ለ625 ሲካፈል ሙሉ ክፍሉ 62። ፒ1 3262፣ ፒ2 546፣ ፒ3 625 ሆነ። ክፍልፋዩን ዝም ብላችሁ በረጅም ዴሲማል ከማጠጋጋት እንዲህ በልክ የሚገጥመውን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ፓወሩን አጥሩ

ክሎክ ላይ የሚታየው አብዛኛው መዛባት የሚመጣው ከቺፑ ሳይሆን ከሚበላው ፓወር ነው። የምቱ ጠርዝ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ሲሻገር የፓወር መስመሩ ከተወዛወዘ፣ የሚሻገርበት ቅጽበትም አብሮ ይወዛወዛል።

ለጀነሬተሩና ለበፈሩ አንድ የራሳቸው ባለ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር ስጧቸው። ከቦርዶቹ ላይ አትበድሩላቸው። ኤኤምኤስ1117 የሚባለው በየሱቁ የሚገኘው ሬጉሌተር ይሠራል፤ ነገር ግን ከ1 ቮልት በላይ ትርፍ ስለሚፈልግ ከ5 ቮልት እንጂ ከአንድ ሊቲየም ባትሪ አታስነሡት። ለመውጫው 22 ማይክሮፋራድ ታንታለም ካፓሲተር ስጡት። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ቺፕ ሲገባ በመስመሩ ላይ ፌራይት ቢድ (የፓወሩን ፈጣን ውዝዋዜ የሚያግድ ትንሽ ክፍል)፣ ከቢዱ ወዲህ 10 ማይክሮፋራድ፣ በቺፑ የፓወር እግር ሥር ደግሞ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ። ይህ የመጨረሻው እግሩን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ይጠጋ። ሁለት ሴንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ 100 ናኖፋራድ ሥዕሉ ላይ አለ፣ ሥራው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ኤስአይ5351ኤ ሁለት የፓወር እግር አለው፣ አንዱ ለውስጡ ሌላው ለመውጫዎቹ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ካፓሲተር ይፈልጋሉ።

ሳጥኑን በስልክ ቻርጀር የምታስነሡ ከሆነ ቻርጀሩን ፈትኑት። ሌላ ነገር ሳትነኩ አንዴ በቻርጀሩ፣ አንዴ በፓወር ባንክ አስነሥታችሁ የ3.3 ቮልቱን መስመር በኦሲሎስኮፕ አወዳድሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ያ ቻርጀር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ መስመሩን ዘርጉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። 8 ሜጋኸርዝ ዝግ ያለ ፍሪኩዌንሲ ነው ብሎ ማንም ሰው ቀላል ጃምፐር ሊሰካ ይችላል። ወሳኙ ግን ፍሪኩዌንሲው አይደለም፤ ምቱ ከዜሮ ወደ 3.3 ቮልት የሚወጣበት ፍጥነት ነው። የበፈሩ ጠርዝ በ1 ናኖሰከንድ አካባቢ ይወጣል። በፒሲቢ ላይ ሲግናል በ1 ናኖሰከንድ የሚሄደው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሁለት ተኩል፣ ሦስት ሴንቲሜትር በላይ የሆነ መስመር ሁሉ ነጸብራቅ ያመጣል፦ ምቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ምንጩ ይመለሳል። የተመለሰው ከአዲሱ ጋር ሲጋጭ በጠርዙ ላይ ጉብታና ስርጉድ ይፈጠራል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

መድኃኒቱ አንድ ሬዚስተር ነው። በበፈሩ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ፣ ከእግሩ ጥግ፣ በተከታታይ አስገቡት። መጠኑ የመስመሩ ኢምፒዳንስ (መስመሩ ለፈጣን ምት የሚያሳየው ተቃውሞ) ሲቀነስ የቺፑ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ ነው። 50 ኦም ለሆነ መስመር 33 ኦም ጥሩ መነሻ ነው፤ በኋላ በኦሲሎስኮፕ አይታችሁ 22 ወይም 47 ማድረግ ትችላላችሁ። ሬዚስተሩ የሚቀመጠው በምንጩ በኩል እንጂ በቦርዱ በኩል እንዳልሆነ ልብ በሉ።

በአንድ መስመር ሦስቱን ቦርድ አታንጠላጥሉ። ለእያንዳንዱ ቦርድ አንድ መውጫ፣ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ሽቦ። ሽቦው ብቻውን አይሂድ፤ ከግራውንድ ሽቦ ጋር ጠምዝዙት፣ የግራውንዱም ጫፍ በበፈሩ ግራውንድና በቦርዱ ግራውንድ ላይ በደንብ ይበየድ። ጃምፐር ሽቦና ብሬድቦርድ ለአይቱሲ ይሆናል፣ ለክሎክ አይሆንም። በፈሩ እግሮቹ በ0.65 ሚሊሜትር የተራራቁ ትንሽ ቺፕ ስለሆነ በማስማሚያ ፒሲቢ ላይ በየዱት፤ ፍላክስ አትቆጥቡ፣ ሲያልቅም በማጉያ መነጽር አይታችሁ እግሮቹ እንዳልተነካኩ በቴስተር አረጋግጡ። የሲዲሲኤልቪሲ1104 ማንቂያ እግር ወደ 3.3 ቮልት፣ የ74ኤልቪሲ125 ማንቂያ እግሮች ግን ወደ ግራውንድ መያያዝ አለባቸው፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ መውጫዎቹ አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ሥራ የሌለው መውጫ ክፍት ይቅር፤ ወደ ግራውንድ አይያያዝ።

የሦስቱን ሽቦ ርዝመት በሚሊሜትር እኩል ለማድረግ አትድከሙ። 15 ሴንቲሜትር ልዩነት የሚያመጣው 1 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ በየ1 ሚሊሰከንዱ ለሚመዘግብ መለኪያ ይህ ምንም ነው። ያን ድካም ለግራውንዱ አውሉት።

ደረጃ 5፦ ቦርዶቹን አዘጋጁ

በብሉ ፒል ላይ የውጭ ክሎክ መግቢያው በጎን ካሉት ፒኖች ላይ አልወጣም። ስለዚህ ባለ 8 ሜጋኸርዙን ክሪስታል ማንሣት ግድ ነው። ከጎኑ ካሉት ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች በመግቢያው በኩል ያለውንም አንሡ፤ ምቱን ያደነዝዛል። መግቢያው የቺፑ 5ኛ እግር ነው፣ መውጫው 6ኛው። ከተነሣው ክሪስታል ሁለት ጉድጓዶች የትኛው ወደ 5ኛው እግር እንደሚሄድ በቴስተር ድምፅ ለዩ፣ ሽቦውን በዚያ በየዱ። በ6ኛው በኩል ምንም አታያይዙ። ሌላውን ትንሽ ክሪስታል፣ ባለ 32.768 ኪሎኸርዙን፣ አትንኩት።

በሶፍትዌሩ ደግሞ የውጭ ክሎኩ «ባይፓስ» የሚለው ቢት 1 መደረግ አለበት፤ ይህም ክሎኩን ራሱን ከማብራታችሁ በፊት ይሁን። ከዚያ 8 ጊዜ 9፣ 72 ሜጋኸርዝ።

አሁን አንድ ወጥመድ። ኤስአይ5351ኤ የታዘዘውን አያስታውስም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። በከተማችን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስቱ ቦርዶችና ጀነሬተሩ እኩል ይነሣሉ፣ ጀነሬተሩ ግን ገና ምንም አያወጣም። ቦርዶቹ የውጭ ክሎክ ይጠብቃሉ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ የሚያዘውን ቦርድ ይጠብቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦ አንደኛው ቦርድ በራሱ የውስጥ ክሎክ ይነሣል፣ ጀነሬተሩን ያዛል፣ ከዚያ ወደ ውጭው ክሎክ ይሻገራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የውጭው ክሎክ ዝግጁ መሆኑን የሚናገረው ቢት 1 እስኪሆን ድረስ ደጋግመው ይሞክሩ፤ ከዚያ በፊት ምንም ሥራ አይጀምሩ።

ይህን የምለው አንዳንድ የተዘጋጀ ኮድ የውጭው ክሎክ ሲጠፋ ምንም ሳይናገር በውስጡ ክሎክ ስለሚቀጥል ነው። ኤልኢዲው ብልጭ ይላል፣ ዳታው ይመጣል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። የውስጡ ክሎክ ስህተት ግን ከመቶ 1 ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ ከክሪስታሉ በመቶዎች እጥፍ የባሰ ነው።

ጀነሬተሩን ከአንደኛው ቦርድ ጋር በፒቢ6 እና በፒቢ7 አገናኙ፤ አድራሻው 96 ነው። ሬጅስተር ማለት በቺፑ ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት ባለ ቁጥር ቦታ ነው። በመጀመሪያ ሬጅስተር 0ን አንብቡና ከፍተኛው ቢት፣ 7ኛው፣ ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በዴሲማል ናቸው፦

ሬጅስተር 3 ላይ 255፤ መውጫዎቹ ሁሉ ይዘጋሉ።
ከ16 እስከ 23 በእያንዳንዱ ላይ 128።
ሬጅስተር 149 ላይ 0፤ ፍሪኩዌንሲውን ሆን ብሎ የሚያወዛውዘው ስፕሬድ ስፔክትረም ይጠፋል።
ሬጅስተር 183 ላይ 210፤ ለክሪስታሉ 10 ፒኮፋራድ።
ከ26 እስከ 33 በተራ 0፣ 1፣ 0፣ 14፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0።
ከ42 እስከ 49 በተራ 0፣ 1፣ 0፣ 48፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0።
ሬጅስተር 16 ላይ 79።
ሬጅስተር 177 ላይ 172፤ ፒኤልኤሉ አዲስ ይጀምራል።
ሬጅስተር 3 ላይ 254፤ የመጀመሪያው መውጫ ብቻ ይከፈታል።

14 እና 48 ከየት መጡ? 3584 ማለት 14 ጊዜ 256 ነው፤ 12288 ደግሞ 48 ጊዜ 256። በሒሳቡ ያገኛችሁት ፒ1 በሁለት ባይት ተከፍሎ ሲጻፍ ነው። ሲያልቅ ሬጅስተር 0ን እንደገና አንብቡ፤ 5ኛው ቢት ዜሮ ከሆነ ፒኤልኤሉ ይዟል። ሌሎቹን ቢቶች ለዚህ ሥራ አትቁጠሯቸው።

ደረጃ 6፦ ለኩ

በአራተኛው የበፈር መውጫ ላይ የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ በ10 እጥፍ ቦታ አድርጋችሁ ንኩ። ከፕሮቡ ጋር የሚመጣውን ረጅሙን የግራውንድ ሽቦ አትጠቀሙ፤ በራሱ ጉብታ ይፈጥርና በክሎኩ ታመካኛላችሁ። በአጭሩ ስፕሪንግ ግራውንድ ያዙ። ባለ 100 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ ከ3.5 ናኖሰከንድ የፈጠነ ጠርዝ አያሳይም፣ ስለዚህ ጠርዙ ዝግ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ምቱ በመሃል ላይ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ መውጣቱን፣ ከ3.3 ቮልት ብዙ አለማለፉን፣ ከዜሮ በታችም አለመውረዱን ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ቦርድ መግቢያ ላይ እንዲሁ እዩ፤ ጉብታ ካለ ሬዚስተሩን ከፍ አድርጉ፣ ጠርዙ ከደነዘዘ ዝቅ።

በሰከንድ 24 ሚሊዮን ናሙና የሚያነበው ርካሹ ሎጂክ አናላይዘር ለአይቱሲው ግሩም ነው፣ ለክሎኩ ግን አይሆንም፤ ለአንድ ምት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሚያይላችሁ።

ኦሲሎስኮፕ ከሌላችሁ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። በእያንዳንዱ ቦርድ ፒኤ8 ላይ የውጭውን ክሎክ እንዲያወጣ እዘዙና ፍሪኩዌንሲ ሜትር ባለው ቴስተር አንብቡ፤ አንዱን የክሎክ ሽቦ ስትነቅሉ የዚያ ቦርድ ንባብ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያ ቦርድ የሚሄደው በእናንተ ክሎክ አይደለም።

ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ የጂፒኤስ ሞጁል ኒዮ-6ኤም በየሰከንዱ አንድ ምት የሚሰጥ መውጫ አለው። ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጡትና በቦርዱ ታይመር በሁለት ምት መካከል ስንት እንደተቆጠረ እዩ። 72,000,000 ይጠበቃል። 72,001,440 ካነበባችሁ ክሎኩ ከሚሊዮን 20 ፈጥኗል። ለማቅናት ማባዣውን ከ32 ወደ 31.99936 ማውረድ ይቻላል፤ ሀ 31፣ ለ 99936፣ ሐ 100000። እኔ ግን ለዚህ መለኪያ አልነካውም፤ ሙሉ ቁጥሩን ትቼ ስህተቱን በመዝገቡ ራስጌ ላይ እጽፈዋለሁ። ቅደም ተከተሉን የሚያበላሽ አይደለም፣ ሒሳቡም በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል።

ደረጃ 7፦ አብረው ይጀምሩ

አንድ ዓይነት ምት መቀበል ብቻውን በአንድ ቅጽበት መጀመር አይደለም። ከአንደኛው ቦርድ ወደ ሁለቱ አንድ የመነሻ ሽቦ ዘርጉ፤ የራሱም ታይመር ያንኑ ሽቦ ያዳምጥ። ሽቦው ከፍ ሲል የሦስቱም ታይመሮች ይነሣሉ፣ ታይመሩም የአናሎግ ንባቡን ያዛል። በሶፍትዌር እየጠየቁ መጀመር ይዘገያል፤ በሃርድዌር ትሪገር የሚነሣ ታይመር ግን በጥቂት የክሎክ ምት ልዩነት ውስጥ ይገባል፣ አንድ ምት ደግሞ 14 ናኖሰከንድ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለሦስቱም ቦርድ መግቢያ አንድ ዓይነት ሲግናል ስጡና ለአንድ ሰዓት መዝግቡ። የመጀመሪያው ደቂቃና የመጨረሻው ደቂቃ ሲደራረቡ በሁለቱም ላይ ሦስቱ መስመሮች አንድ መሆን አለባቸው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት

የሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ነው። ከረንቱን የምትለኩት በሽቦው ላይ በሚጠልቅ የከረንት ትራንስፎርመር ይሁን፤ ፓኔሉን የሚከፍተው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው።

የወፍጮ ቤት ብናኝ ሁሉም ቦታ ይገባል፤ ሳጥኑ በጎማ የተዘጋ ይሁን። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥርም አርቁት። ሙቀት ክሪስታልን ያንሸራትታል፤ በተለይ ያ ባለ 32.768 ኪሎኸርዙ ክሪስታል ከ25 ዲግሪ በራቀ ቁጥር ይዘገያል፣ ሳጥኑ ውስጥ 45 ዲግሪ ቢደርስ በቀን ከ1 ሰከንድ በላይ። በመዝገባችሁ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት ከእሱ የሚመጣ ከሆነ ከመለኪያው በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ።

ሦስቱ ቦርዶች በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው ወደ ማሽኑ የሚረዝመው የሴንሰሩ ገመድ እንጂ የክሎኩ ሽቦ አይሁን። ቦርዶቹን የግድ ማራራቅ ካለባችሁ፣ ለምሳሌ አንዱ ወፍጮው ጋ ሌላው የመብራት ጀኔሬተሩ ቤት ጋ ከሆነ፣ የበፈሩን መውጫ በቀጥታ አትዘርጉ። በምንጩ በኩል ኤስኤን65ኤልቪዲኤስ1 የሚባለውን ላኪ፣ በተቀባዩ በኩል ኤስኤን65ኤልቪዲኤስ2ን አስገቡ፤ በመካከላቸው ከኔትወርክ ገመድ አንድ ጥንድ ለክሎኩ፣ ሌላው ለግራውንድ ይበቃል። በተቀባዩ መግቢያ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 100 ኦም ሬዚስተር ይገባል። 10 ሜትር ገመድ 50 ናኖሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ ያንንም በዛፉ ወረቀት ላይ ከርዝመቱ ጎን ጻፉት።